ትልቁ ውድድር ሲመጣ ትንሹ ጠረጴዛ ምን ይሆናል? ስለ ፖከር ቁማር ለአማኞች የቀረበ ማብራሪያ

ከወጣቶቻችን ዘንድ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። «ፖከር እንደ ሎተሪ አይደለም፤ ችሎታ ይጠይቃል፤ ስሌት አለው። የጎበዝ ሰው ጨዋታ ከሆነ ታዲያ ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው?» ይላሉ። ብዙ ጊዜ የምንሰጣቸው መልስ «ቁማር ቁማር ነው፤ ተወው» የሚል ነው። ይህ መልስ አፍ ያስይዝ ይሆናል እንጂ ልብ አያሳምንም። ጥያቄው ግን በአግባቡ ሊመለስ የሚችል ነው፤ ለዚህም ገንዘቡ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ መከተል ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ በካዚኖ የሚዘጋጁት ትልልቅ የፖከር ውድድሮች በየቀኑ በትንሽ ገንዘብ በሚጫወቱት ቋሚ ተጫዋቾች ላይ የሚያመጡትን ለውጥ እንመለከታለን። እንዲህ ያለ ዓለማዊ ዝርዝር በመንፈሳዊ ገጽ ላይ ለምን ተጻፈ የሚል ወገን ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን።

ጀልዴሳ ውስጥ ካዚኖ የለም። ይሁን እንጂ ድሬዳዋ ውስጥም ሆነ በዙሪያዋ ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ በገንዘብ ካርታ የሚጫወት ሰው ብርቅ አይደለም። ባለፉት ዓመታት የስፖርት ውርርድ ቤቶች በከተሞቻችን ተስፋፍተዋል፤ ስልክ የያዘ ልጅ ደግሞ የትም ሳይሄድ የውጭውን ዓለም የፖከር ጠረጴዛ በመዳፉ ላይ ያያል። ከዚህም ሌላ ብዙዎቻችን የቁማር ከተማ በሆነችው በላስ ቬጋስ ዘመድ አለን። በዚያች ከተማ ያለው የኢትዮጵያውያን ቁጥር ከፍተኛ ከመሆኑ የተነሣ የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የንግድ አካባቢ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲጠራ ወስኗል። ታክሲ የሚነዱ፣ በሆቴሎችና በካዚኖዎች የሚሠሩ፣ እሑድ ጠዋት ደግሞ በአማርኛ የሚያመልኩ ወገኖች በዚያ አሉ። ስለዚህ ነገሩ ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

ሁለት ዓይነት ጨዋታ

ፖከር በካዚኖ ውስጥ በሁለት መልክ ይካሄዳል። አንደኛው የጥሬ ገንዘብ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ለምሳሌ 200 ዶላር ከፍሎ የዚያኑ ያህል ዋጋ ያላቸው ቺፖች ይቀበላል፤ ቺፑ ራሱ ገንዘብ ነው። በፈለገበት ሰዓት ተነሥቶ የቀረውን መንዝሮ መሄድ ይችላል፤ ካለቀበት ደግሞ ከኪሱ ጨምሮ ይቀመጣል። ቋሚ ተጫዋች የሚባለው በየሳምንቱ፣ አንዳንዱም በየቀኑ፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚገኘው ሰው ነው። ጥቂቱ ኑሮውን በዚህ ይገፋል፤ የሚበዛው ግን ከሥራ በኋላ የሚመጣ ደመወዝተኛ ነው።

ሁለተኛው ውድድር ነው። ሁሉም እኩል የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል፤ የሚሰጠው ቺፕ ግን የማይመነዘር፣ ለመቁጠሪያ ብቻ የሚያገለግል ነው። ቺፑ ያለቀበት ይሰናበታል። ሽልማቱ የሚከፈለው እስከ መጨረሻው ለቆዩት ጥቂቶች ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከመቶ ተወዳዳሪ ከ10 እስከ 15 ለሚሆኑት። ከእነዚህም ውስጥ አብዛኞቹ ከከፈሉት ብዙም የማይበልጥ ሲያገኙ ትልቁን ገንዘብ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሰዎች ይወስዱታል።

ለእኛ ሰው በዕቁብ ብናስረዳው ይቀልላል። መቶ ሰዎች ዕቁብ ገቡ እንበል። ዕጣ የወጣለት ይወስዳል፤ ያልወጣለትም ተራውን ይጠብቃል፤ በመጨረሻ የራሱን ገንዘብ ያላገኘ ሰው አይኖርም። የፖከር ውድድር ማለት ከመቶው ዕቁብተኛ 85ቱ ተራቸው ፈጽሞ የማይደርስበት ዕቁብ ነው።

ኬላው

ሁለቱን ጨዋታዎች የሚያገናኛቸውን ለመረዳት አንድ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። በጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ቤቱ ከተጫዋቾች ጋር አይጫወትም። ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው ይጫወታሉ፤ ቤቱ ግን በእያንዳንዱ ዙር መሐል ላይ ከተከማቸው ገንዘብ ኮሚሽን ያነሣል። በብዙ ካዚኖዎች ይህ 10 በመቶ ገደማ ሆኖ ከተወሰኑ ዶላሮች እንዳይበልጥ ጣሪያ ይበጅለታል። ያሸነፈው ሰው ደግሞ ለካርታ አከፋፋዩ አንድ ዶላር ያህል ጉርሻ ይሰጣል።

ዘጠኝ ሰዎች እያንዳንዳቸው 200 ዶላር ይዘው ተቀመጡ እንበል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው በጠቅላላ 1,800 ዶላር ነው። በሰዓት 30 ዙር ቢጫወቱና ከየዙሩ በአማካይ 4 ዶላር ለቤቱ፣ 1 ዶላር ለአከፋፋዩ ቢወጣ በሰዓት 150 ዶላር ከጠረጴዛው ይሄዳል። በ12 ሰዓት ውስጥ 1,800ው ሙሉ በሙሉ ያልቃል። ማንም አልዘረፋቸውም፤ ማንም አላጭበረበራቸውም፤ ዘጠኙም ጎበዞች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን አዲስ ገንዘብ ይዞ የሚመጣ ሰው ከሌለ ዘጠኙም ባዶ እጃቸውን ይነሣሉ።

የጀልዴሳን ታሪክ የሚያውቅ ይህን ሥርዓት ይለየዋል። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ በፊት ከዘይላ ወደብ ወደ ሐረር የሚወጣው የቅፍለት ንግድ በጀልዴሳ በኩል ያልፍ ነበር፤ በዚያም ኬላ ነበረ። ነጋዴው ያትርፍ ይክሰር ኬላው አይጠይቅም፤ ቀረጡን ተቀብሎ ያሳልፈዋል። የካዚኖው ኮሚሽን እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ቅፍለቱ ቡናና ቆዳ ጭኖ ይሄድ ነበር፤ በመጨረሻ ያን ቡና የሚጠጣ፣ ያን ቆዳ የሚሠራበት ሰው ነበረ። በፖከር ጠረጴዛ ዙሪያ ግን የሚጫን ዕቃ የለም። ያው ገንዘብ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ እየዞረ በየዙሩ ኬላ ይከፍልበታል።

እንግዲህ «ችሎታ ይጠይቃል» የሚለው ነገር እውነት ነው፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። በረጅም ጊዜ የተሻለው ተጫዋች ከደካማው ይወስዳል። ነገር ግን ጎበዙ ለመኖር ሁለት ነገር ማሸነፍ አለበት፤ ኬላውንና ሌሎቹን ጎበዞች። ይህን የሚችለው ከእርሱ የሚያንስ፣ ገንዘብ የያዘና የጨዋታውን ስሌት በቅጡ ያላወቀ ሰው በየጊዜው ከፊቱ ሲቀመጥ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከየት ይመጣል? ውድድሩ ወደ ነገሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ውድድሩ የሚጠራቸው

የዓለም ፖከር ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 በላስ ቬጋስ ሲሆን ለብዙ ዓመታት የጥቂት ባለሙያ ቁማርተኞች መገናኛ ሆኖ ቆይቷል። መልኩ የተለወጠው በ2003 ነው። በዚያ ዓመት ከ839 ተወዳዳሪዎች መካከል ክሪስ መኒሜከር የተባለ ከቴነሲ ግዛት የመጣ የሒሳብ ሠራተኛ አንደኛ ወጣ። ወደ ውድድሩ የገባው በኢንተርኔት ከ100 ዶላር ባነሰ ክፍያ የማጣሪያ ጨዋታ አሸንፎ ነበር፤ የወሰደው ሽልማት 2.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የቤተሰብ ስሙ ትርጉም «ገንዘብ ሠሪ» መሆኑ ለጋዜጦች ሳይጽፉት የተጻፈ ርዕስ ሆነላቸው። በሚቀጥለው ዓመት 2,576፣ በ2005 5,619፣ በ2006 ደግሞ 8,773 ተወዳዳሪዎች ተመዘገቡ። በቴሌቪዥን የተመለከተው ሁሉ «እርሱ ከቻለ እኔስ?» አለ።

በ2023 የተመዘገቡት ከ10 ሺህ በላይ ነበሩ፤ መግቢያው ለአንድ ሰው 10 ሺህ ዶላር ነው። ከተሰበሰበው ከ100 ሚሊዮን ዶላር የሚበልጥ ገንዘብ 93 ሚሊዮን ያህሉ ለሽልማት ተመድቦ አንደኛው 12.1 ሚሊዮን ወሰደ። ከ8 ሺህ በላይ የሆኑት ምንም ሳያገኙ ተሰናበቱ። ጋዜጣው የአንዱን ፎቶግራፍ ያወጣል፤ የስምንቱን ሺህ የሚያወጣ ጋዜጣ ግን የለም።

ለቋሚዎቹ ተጫዋቾች ታዲያ ይህ ወቅት ምንድን ነው? በግልጽ ለመናገር አዝመራ ነው። ከውድድሩ የተሰናበተ ሰው ወዲያው ወደ ቤቱ አይሄድም። አውሮፕላኑ ገና ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ተናድዷል፤ እንቅልፍ አጥቷል፤ «የጠፋብኝን ልመልስ» ይላል። በዚህ መንፈስ ከውድድሩ አዳራሽ ወጥቶ በአቅራቢያው ባለው የጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ ይቀመጣል። ቋሚው ተጫዋች ይህን ያውቃል፤ በትዕግሥትም ይጠብቀዋል። ዓመቱን ሙሉ ከራሱ ጋር እኩል ከሆኑ ሰዎች ጋር ሲገፋፋ የኖረ ሰው በእነዚያ ሳምንታት የዓመቱን ትርፍ ሊያገኝ ይችላል።

ካዚኖውም ይህን ያውቃል። በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረገው ትልቅ ውድድር ሌላ በየቀኑ በ50 ወይም በ100 ዶላር መግቢያ ትንንሽ ውድድሮች የሚዘጋጁት ስለዚህ ነው። ብዙዎቹ ተወዳዳሪዎች በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ወድቀው ይወጣሉ፤ የጥሬ ገንዘቡ ጠረጴዛ ከዚያው ክፍል ውስጥ ጥቂት ርምጃ ርቆ ይጠብቃቸዋል።

ይህ ሁሉ ለቋሚው ተጫዋች ትርፍ ብቻ አይደለም። በውድድር ሰሞን ጠረጴዛውና አከፋፋዩ ለውድድሩ ስለሚመደብ በትንሽ ገንዘብ የሚጫወተው ሰው ወንበር ያጣል፤ ስሙን አስመዝግቦ ረጅም ሰዓት ይጠብቃል። ባዶ ሆኖ የሚያገኘው ወንበር ብዙ ጊዜ ከአቅሙ በላይ የሚጫወቱበት ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው። ወትሮ 200 ዶላር ይዞ የሚቀመጠው ሰው 500 ይዞ ይቀመጣል። አቅሙ ግን እንደ ትናንቱ ነው፤ የቤት ኪራዩም እንዲሁ።

ካለፈ በኋላ

ውድድሩ ሲያበቃ የሚሆነውን ብዙዎች አያዩትም። አንደኛ የወጣው ገንዘቡን ይዞ ወደ አገሩ ሄዷል። በአካባቢው ያለው፣ ለመዝናናት እያለ በየሳምንቱ 100 እና 200 ዶላር ያመጣ የነበረው ሰው የብዙ ወራት ገንዘቡን በአንድ መግቢያ ክፍያ ጨርሷል፤ ለጥቂት ሳምንታት አይታይም። ጠረጴዛው ላይ የቀሩት ቋሚዎቹ ናቸው። ኬላው ግን ሥራ ላይ ነው። እነዚያው ዘጠኝ ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተያዩ በሰዓት 150 ዶላር ይከፍላሉ። ባቡሩ ድሬዳዋ ላይ ከቆመ በኋላ በጀልዴሳ የሆነውን የሚያስታውስ ነው፤ መንገደኛው በሌላ በኩል ሲያልፍ በመንገደኛው ይተዳደር የነበረው ሰው ሜዳ ላይ ይቀራል።

ከዚህ የሚከፋው ቋሚው ተጫዋች ራሱ በውድድሩ ሲሳብ ነው። በጥሬ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ በጥንቃቄ ጥቂት በጥቂት ያጠራቀመ ሰው አንዱ የሚያውቀው ሰው በውድድር 200 ሺህ ዶላር ሲወስድ ያያል፤ ከዚያ በኋላ የራሱ ጥቂት ትርፍ ያሳፍረዋል። ወደ ውድድር ይገባል። ውድድር ግን ለጎበዝም ቢሆን ረጅም የኪሣራ ዘመን አለው፤ ከመቶ 85 ጊዜ ባዶ እጅ መመለስ የተለመደ ስለሆነ እጅግ የተሻለ ተጫዋች እንኳ በአሥሮች የሚቆጠሩ ውድድሮችን በተከታታይ ሊሸነፍ ይችላል። በዚህ መካከል ገንዘቡ ያልቃል። ያን ጊዜ «ካሸነፍኩ ይህን ያህል ድርሻ አለህ» እያለ ከጓደኞቹ መግቢያ ይሰበስባል፤ ይህ በፖከር ዓለም የተለመደ አሠራር ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ጓደኛ ማለት የዕቁብ ሰው፣ የአገር ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን ወንድም ነው። ብድሩ የሚጠየቀው በ«ጌታ ይባርክህ» ነው። ሲጠፋ የሚጠፋው ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ሰውዬው ከአበዳሪዎቹ ፊት ለመሸሽ ሲል ጉባኤውን ይተዋል። መጋቢው ደግሞ «እገሌ በመንፈስ ደክሟል» ብሎ ይጸልይለታል፤ ምክንያቱን ግን አላወቀም።

የመጀመሪያው ጥያቄ

አሁን ወደ ወጣቶቹ ጥያቄ እንመለስ። ፖከር ችሎታ ይጠይቃል፤ አዎን። ችሎታው ግን የሚያመርተው ነገር የለም። ሐኪም በችሎታው ሲያተርፍ በሽተኛው ይድናል፤ ግንበኛ ሲያተርፍ ቤት ይቆማል። ሐዋርያው ጳውሎስ የሰረቀ ሰው ስርቆቱን ትቶ በእጆቹ መልካም ሥራ እንዲሠራ ሲመክር ዓላማውን ለችግረኛ ማካፈል ያደርገዋል (ኤፌ. 4፥28)። ቋሚው የፖከር ተጫዋች ግን ችግረኛው እንዲመጣለት ይጠብቃል። በውድድሩ ተሸንፎ፣ ተናድዶና ደክሞ የመጣው ሰው ለእርሱ በረከት ነው። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለውን ትእዛዝ የተቀበለ ሰው የባልንጀራውን ክፉ ቀን እንደ አዝመራ ሊጠብቅ አይችልም። ሙሴ በሕጉ የወፍጮን ድንጋይ መያዣ አድርጎ መውሰድን የከለከለው የሰውን የዕለት እንጀራ መውሰድ ስለሆነ ነው (ዘዳ. 24፥6)። ከፊቱ የተቀመጠው ሰው 500 ዶላር የቤት ኪራይ ይሁን ትርፍ ገንዘብ የሚያውቅ ተጫዋች የለም፤ ማወቅም አይፈልግም።

«ተስማምተው ነው የተጫወቱት» የሚል ክርክር ይነሣል። እውነት ነው፤ ተስማምተዋል። ነገር ግን ሁለቱም የተስማሙት እያንዳንዱ «የሚሸነፈው ሌላው ነው» ብሎ ስላመነ ነው። እንዲህ ያለውን ስምምነት ለባልንጀራችን ደኅንነት በቂ ማስረጃ አድርገን ልንቀበለው አንችልም።

«በመጽሐፍ ቅዱስ ዕጣ ተጥሎ የለም ወይ?» የሚሉም አሉ። ተጥሏል። ማትያስ በዕጣ ተመርጧል (ሐዋ. 1፥26)። ዕቁባችንም በዕጣ ነው የሚሠራው፤ ዕጣ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ማትያስ በተመረጠ ጊዜ ግን ከማንም ኪስ የወጣ ነገር አልነበረም። ሌላው የሚጠቀሰው ዕጣ ወታደሮቹ በመስቀሉ ሥር በጌታ ልብስ ላይ የተጣጣሉት ነው (ዮሐ. 19፥24)፤ እርሱን ለምሳሌነት የሚመርጥ አማኝ ያለ አይመስለንም።

በነገራችን ላይ በጀልዴሳና በድሬዳዋ ዙሪያ የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይልቅ ግልጽ ናቸው። «ቁማር» የሚለው ቃል ራሱ ወደ አማርኛ የመጣው ከዐረብኛ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ክልክል መሆኑ አያጠያይቅም። የወንጌል አማኝ የሆነ ወጣት በጎረቤቶቹ ፊት የውርርድ ወረቀት ይዞ ሲቆም ስለሚሰጠው ምስክርነት ማሰብ ይገባናል።

የስፖርት ውርርድም በዚሁ መንገድ ይሠራል። በየቀኑ 20 ብር የሚያስይዘውን ልጅ ወንበሩ ላይ የሚያቆየው ለአንድ ሰው የወጣው የብዙ ሺህ ብር ዜና ነው። እርሱ ራሱ አላሸነፈም፤ ያሸነፈውን ግን በስልኩ አይቶታል።

ለመጋቢዎችና ለቤተሰብ

በካዚኖ ውስጥ በሥራ ላይ ያሉ ወገኖች፣ በተለይም ካርታ አከፋፋዮች፣ «የእኔስ እንጀራ?» ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ከባድ የኅሊና ጥያቄ ስለሆነ በአንድ አንቀጽ አንፈርድበትም፤ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ያስፈልገዋል። እዚህ የምንናገረው ስለሚጫወተው ሰው ነው።

በዚህ ነገር የተያዘ ሰው ሲገኝ በእጁ ገንዘብ መስጠት እርዳታ አይሆንም። የቤት ኪራዩ ለአከራዩ፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ለትምህርት ቤቱ በቀጥታ ይከፈል። ዕዳው በሙሉ፣ ከነአበዳሪዎቹ ስም፣ በሚስቱ ወይም በሚያምነው ሽማግሌ ፊት በወረቀት ይጻፍ፤ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚናገረው ቁጥር ከእውነተኛው ዕዳ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ከሳምንት በኋላ እንደገና ይጠየቅ። ደመወዙ የሚገባበት የባንክ ደብተር ለተወሰነ ጊዜ በሁለት ፊርማ ቢሆን ይጠቅማል። በስልኩ ያሉት የቁማር መተግበሪያዎች በሌላ ሰው ፊት ይጥፉ። በውጭ ያሉ ወገኖች እ.ኤ.አ. በ1957 በሎስ አንጀለስ የተጀመረውን፣ ቁማርን ለመተው የሚታገሉ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበትን ማኅበር በየከተማቸው ሊያገኙት ይችላሉ። ወደዚያ መሄድ የእምነት ማነስ ተደርጎ መታየት የለበትም።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የጊዜው። በላስ ቬጋስ የሚደረገው የዓለም ፖከር ውድድር አብዛኛውን ጊዜ ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ሳምንታት ይዘልቃል፤ ዋናው ውድድር የሚውለው ወደ ማብቂያው ነው። በዚያ የሚያገለግሉ መጋቢዎች የቤት ለቤት ጉብኝታቸውን ሲያቅዱ በሰኔ ወር ከጉባኤ የቀሩትን ወንድሞች፣ ወሩ ሳያልቅ፣ ቤታቸው ድረስ ሄደው ቢጠይቋቸው መልካም ነው።